ትርፍ ያሳፍራልን? ነጋዴ እህቶቻችንና የገንዘብ ጉዳይ

በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለች አንዲት እህት ታውቃላችሁ። ሽሮና በርበሬ ታዘጋጃለች፤ ወይም እንጀራ ጋግራ ታከፋፍላለች፤ ወይም ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። እሁድ ከፕሮግራም በኋላ በር ላይ ታገኟትና “ኪሎው ስንት ነው?” ብላችሁ ትጠይቋታላችሁ። እርሷ ግን ዋጋ ለመናገር ታፍራለች። “ለእናንተማ ምን ይባላል፤ ያላችሁን ስጡኝ” ትላለች። አንዱ ከዋጋው በታች ይከፍላል፤ ሌላው “ወር ሲደርስ እሰጥሻለሁ” ብሎ በዱቤ ይወስዳል፤ ሦስተኛው የእህትነት ቅናሽ ይጠይቃል። ሰኞ ጠዋት ገበያ ስትወጣ በቦርሳዋ ያለው ገንዘብ ባለፈው የገዛችውን ያህል አይገዛላትም። ያን ጊዜ ወደ ጓደኛዋ ደውላ “ገንዘቡ በረከት የለውም፤ ጸልዩልኝ” ትላለች።

መጸለዩ መልካም ነው። ነገር ግን ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ የጎደለው በረከት ብቻ ነውን? ወይስ ሒሳብም ጎድሏል? ከሒሳቡም በፊት በእህታችን ልብ ውስጥ ስለ ገንዘብና ስለ ትርፍ የተቀመጠ አንድ የተጣመመ ነገር ይኖር ይሆን? በዚህ ጽሑፍ ልናየው የምንፈልገው ይህንን ነው። ጉዳዩ የነጋዴዎች ብቻ አይደለም። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የታመመች እናት መድኃኒትና የቤተ ክርስቲያን መባ ሳይቀር ብዙ ጊዜ ከእነዚህ እህቶች ትንሽ ንግድ ይወጣልና።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ያሳስባል?

ዋጋ ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ በሚቆይበት ዘመን ሒሳብ ሳይይዙ መነገድ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። በአገራችን ግን ያ ዘመን ካለፈ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ሲዘልቅ፣ ባንኮች የሚከፍሉት ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዘይት የምትቸረችር፣ ከውጭ የመጣ ጨርቅ የምትሸጥ፣ የፀጉር ቅባት የምታከፋፍል እህት ሁሉ ይህን ለውጥ በገዛ መደርደሪያዋ ላይ አይታዋለች።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የቀረበ ነው። እህታችን በ10,000 ብር ዕቃ ገዛች። በሁለት ሳምንት ውስጥ በ12,000 ብር ሸጠችው። “2,000 ብር አተረፍኩ” ብላ እርሱን ለቤት ወጪ አዋለችው። ከዚያ በቀረው 10,000 ብር ያንኑ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ 13,000 ብር ሆኖ ጠበቃት። አሁን መግዛት የምትችለው የቀድሞውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማንም አልሰረቃትም፤ አላባከነችም፤ ነገር ግን ሱቋ በሩብ ያህል አነሰ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ሲዘጋም እኛ “ንግዱ አልባረክ አላት” እንላለን።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ትርፍ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ትርፍ ማለት ንግዱ ነገም በሕይወት እንዲኖር የሚያደርግ ስንቅ ነው። ዋጋ የሚወጣውም ዕቃው ትናንት በተገዛበት ብቻ ሳይሆን ነገ በሚተካበት ጭምር ታስቦ ነው። ይህን ማድረግ ስግብግብነት የሚመስላት እህት ካለች፣ ሳታውቀው የልጆቿን እንጀራ ለደንበኞቿ እያከፋፈለች ነው ማለት ነው።

ትርፉ የቱ ነው?

ወደዚያው ምሳሌ እንመለስና ዋጋ ባይጨምር እንኳ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ከ2,000 ብሩ ላይ ለቦታ ኪራይ 600 ብር፣ ለመጓጓዣና ለፌስታል 300 ብር ይወጣል። የቀረው 1,100 ብር ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እህታችን 12 ቀን ሙሉ ሠርታለች። በእርሷ ቦታ ሌላ ሰው በቀን 100 ብር ቀጥራ ቢሆን ኖሮ 1,200 ብር መክፈል ነበረባት። እንግዲህ ትርፍ ነው ያለችው ገንዘብ የራሷን የጉልበት ዋጋ እንኳ አልሸፈነም፤ 100 ብር ጎድሏል። እህታችን አተረፍኩ እያለች በገዛ ጉልበቷ ደንበኞቿን ስትደጉም ኖራለች።

ብዙ እህቶች ይህን ሒሳብ የማይሠሩት ማሰብ ስለሚያቅታቸው አይደለም። የዕቁብ ሒሳብ በቃላቸው የሚይዙ፣ የሠርግ ድግስ ወጪ ያለ ወረቀት የሚያወጡ ናቸው። የማይሠሩት የገዛ ድካማቸው ዋጋ እንዳለው ማንም ነግሯቸው ስለማያውቅ ነው። ሴት ልጅ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ ሽሮ ስታስፈጭ፣ እንጀራ ስትጋግር ያደገችው ያለ ክፍያ ነው። ያንኑ ሥራ ወደ ገበያ ስታወጣውም ነፃ እንደሆነ አድርጋ ትቆጥረዋለች። የባልትና ሥራ ዋጋ ግን ቅመሙ ብቻ አይደለም፤ ሙያውም ጭምር ነው። ሙያውን ሊማሩ የሚፈልጉ ገንዘብ እየከፈሉ የሚማሩትን ነገር ባለሙያዋ ራሷ በነፃ ልትሰጠው አይገባም።

ሁለቱ ጽንፎች

በወንጌል አማኞች መካከል ስለ ገንዘብ የሚሰማው ትምህርት ብዙ ጊዜ በሁለት ጽንፎች መካከል ይዋልላል። አንደኛው ገንዘብ ሁሉ ርኩስ ነው የሚል ነው። የገንዘብ ፍቅር የክፋት ሥር መሆኑን የሚናገረው ቃል (1ጢሞ. 6፥10) ሲጠቀስ “ፍቅር” የሚለው ቀርቶ ገንዘቡ ብቻ ይወገዛል። ይህ ትምህርት በስደትና በድህነት ዘመን ያለፉ አባቶችና እናቶች ሲያስተምሩት የራሱ ክብር ነበረው፤ በጥቂት መኖርን፣ መካፈልን፣ በገንዘብ አለመታለልን አስተምሮናል። ሆኖም እርሱን በተሳሳተ መንገድ የተረዳች እህት በንግዷ ስትከስር ትሕትና፣ ስታተርፍ ደግሞ ኃጢአት ይመስላታል። ሌላ ሰው ሲጠቀምባት ዝም ማለትን የመንፈሳዊነት ምልክት ታደርገዋለች።

ሁለተኛው ጽንፍ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ትርፍ የእግዚአብሔር ሞገስ ማረጋገጫ፣ ኪሳራም የእምነት ማነስ ወይም የእርግማን ውጤት ነው የሚለው ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት ብዙ እህቶችን ጎድቷል። መሥሪያ ገንዘባቸውን “ዘር” ብለው ሰጥተው መቶ እጥፍ ሲጠብቁ ባዶ እጃቸውን የቀሩ አሉ። ከጉዳቱም በላይ የሚከፋው፣ ከከሰሩ በኋላ ጥፋቱ የራሳቸው እምነት ማነስ እንደሆነ ስለሚነገራቸው አፍረው ከጉባኤ መቅረታቸው ነው።

ሁለቱ ጽንፎች የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ደብተርና እስክሪብቶ አይፈልጉም። አንዱ ትርፍን ስለሚፈራ አይቆጥርም፤ ሌላው ተአምር ስለሚጠብቅ አይቆጥርም። እህታችን ግን ቁጥሩን ሳታይ የምታመልጥበት መንገድ የለም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ሲናገር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን የሚያሰላውን አስተዋይ አድርጎ አቅርቦታል (ሉቃ. 14፥28)። የመንጋን ሁኔታ አስተውሎ ማወቅም የጥበበኛ ምክር ነው (ምሳ. 27፥23)። ለነጋዴዋ መንጋዋ ዕቃዋ ነው፤ ስንት እንዳላትና ስንት እንደቀረባት ልታውቅ ይገባታል።

የመበለቲቱ ዘይት

በ2ኛ ነገሥት 4፥1-7 ላይ ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሏ የሞተባት፣ አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት የመጣ ሴት ወደ ኤልሳዕ ትጮኻለች። በቤቷ ያለው አንድ ማሰሮ ዘይት ነው። ከጎረቤት በተለመኑት ማድጋዎች ሁሉ ዘይቱ ይሞላል። በስብከት ብዙ ጊዜ የምንቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ተአምሩ ላይ። የነቢዩ የመጨረሻ መመሪያ ግን የንግድ መመሪያ ነው። ሂዳ እንድትሸጥ፣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሽያጭ፣ ከዚያ ዕዳ፣ በመጨረሻ ከተረፈው ኑሮ። ነቢዩ ዘይቱን ለጎረቤት በነፃ አከፋፍዪ አላላትም፤ ጎረቤቶቿ ማድጋ ያዋሷት ቢሆኑም እንኳ። ከተረፈው መኖርም እንደ ነውር አልተቆጠረባትም። ለእነዚያ ሁለት ልጆች ከባርነት መዳን ማለት እናታቸው ዘይቱን በተገቢው ዋጋ መሸጧ ነበር። ትርፍ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ የልጆች ነፃነት።

የምሳሌ 31 ሴትም እንዲሁ ናት። ለእናቶች ቀን ስለ እርሷ ስንሰብክ ማልዳ መነሣቷንና ቤቷን መንከባከቧን እናነሣለን። እርሻ ተመልክታ እንደምትገዛ (ቁ. 16)፣ ንግዷ መልካም እንደሆነ እንደምታውቅ (ቁ. 18)፣ የሠራችውንም ለነጋዴ እንደምትሸጥ (ቁ. 24) ግን ቶሎ እናልፈዋለን። “ታውቃለች” የሚለው ትልቅ ነገር ነው፤ ንግዷ ማትረፉንና አለማትረፉን ሳታውቅ የምትነግድ ሴት አይደለችም። ለድሃም እጇን ትዘረጋለች (ቁ. 20)። የምትዘረጋው እጅ ባዶ ያልሆነው ንግዷን ስለምታውቅ ነው። በአዲስ ኪዳንም የትያጥሮን ከተማዋ ልድያ የቀይ ሐር ሻጭ ነበረች (ሐዋ. 16፥14)። በፊልጵስዩስ ወንድሞች የተሰበሰቡት በእርሷ ቤት ነው። ዮሐናና ሶስና ከሌሎች ሴቶች ጋር ጌታንና ደቀ መዛሙርቱን በገንዘባቸው ያገለግሉ ነበር (ሉቃ. 8፥1-3)። ከእነዚህ አንዷም ገንዘብ ስላላት አልተነቀፈችም።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

አሁን ደግሞ ከእኛ አገር ወጣ ብለን አንድ ጥናት እንመልከት። በስሪላንካ ተመራማሪዎች ለጥቃቅን ነጋዴዎች 10,000 ወይም 20,000 የአገሪቱን ሩፒ፣ ማለትም 100 ወይም 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ፣ በዕጣ አከፋፈሉ። የወንዶቹ ትርፍ አደገ። የሴቶቹ ግን በአማካይ አላደገም። በጋናም ለሴቶች በጥሬ ገንዘብ የተሰጠው ድጋፍ ንግዳቸውን አላሳደገም፤ በዕቃ መልክ የተሰጣቸው ግን፣ ቀድሞም ሻል ያለ ንግድ የነበራቸው ሴቶች ትርፋቸው ጨምሯል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው “ሴቶች ንግድ አይሆንላቸውም” ሊሉ ቃጣቸው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ግን የስሪላንካን፣ የጋናንና የሕንድን መረጃ እንደገና መረመረ። የተገኘው ነገር አስገራሚ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ንግድ የሴቲቱ ብቻ በሆነበት ቦታ ገንዘቡ ልክ እንደ ወንዶቹ ፍሬ አፍርቷል። ባልም የራሱ ንግድ ባለበት ቤት ግን ለሚስት የተሰጠው ገንዘብ ወደ ባል ንግድ ገብቷል። ስለዚህ ሴቲቱ ሳትችል ቀርታ አይደለም። ገንዘቡ በእጇ አልቆየም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው? ባል ዕቃ ሊያስመጣ ሲል ከሚስት ሱቅ ገንዘብ ይነሣል። የወንድም ሠርግ፣ የአክስት ሐዘን፣ የዘመድ ልጅ ወደ ዐረብ አገር መሄጃ ሁሉ ከዚያው መሳቢያ ይወጣል። መርዳት መልካም ነው፤ ቤተሰብም አንድ ነው። ጥያቄው ግን የሚወጣው ከትርፉ ነው ወይስ ከመሥሪያው ገንዘብ? ደግሞስ ስትጠየቅ እንቢ የማለት ነፃነት አላትን? ገበሬ ዘመድ ሲመጣበት እህል ይሰጣል፤ ለዘር ያስቀመጠውን ግን አይሰጥም። ዘሩን ከሰጠ የሚቀጥለው ዓመት እርሱም ዘመዱም ይራባሉና።

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ሲሆን፣ ለቤተሰቡ ጥቅም ነው ብሎ ሚስቱ የያዘችውን ሥራ የመቃወም መብት ነበረው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ፣ በድካማቸው ያገኙትም ገቢ የጋራ ሀብት እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ ቀድሞ በተግባር በዋለባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ ባሉ ሥራዎች ይበልጥ መሳተፋቸውን በኋላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። የጋራ ሀብት ማለት ግን አንዱ ሳይጠይቅ የሚያነሣው ማለት አይደለም። ሁለቱም ተነጋግረው የሚወስኑበት ማለት ነው። ወንድሞች ሆይ፣ ይህ ቃል ለእኛ ነው። ሚስቶቻችንን እንደምንወድ በጉባኤ ፊት እንመሰክራለን፤ በሱቃቸው መሳቢያ ፊትስ ምን እንመሰክራለን?

ሥልጠናው ብቻ አይበቃም

ሌላ ጥናት ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከቶጎ ዋና ከተማ ከሎሜ እንጥቀስ። 1,500 ጥቃቅን ነጋዴዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የግብይት ሥልጠና ወሰደ፤ ሁለተኛው በራስ ተነሣስቶ ዕድልን መፈለግን፣ ዓላማ ማስቀመጥን፣ እንቅፋት ሲመጣ አለመተውን የሚያስተምር ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት የሁለተኛው ክፍል ነጋዴዎች ትርፍ ሥልጠና ካልወሰዱት ይልቅ በ30 በመቶ አደገ። ሴቶቹን ብቻ ስንመለከት በዚህ ሥልጠና ትርፋቸው 40 በመቶ ሲያድግ፣ በተለመደው ሥልጠና ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ይህ ምን ያስተምረናል? ደብተር መያዝ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ያስፈልጋል። ነገር ግን “ይህ ሥራ የእኔ ነው፤ ማደግ ይችላል፤ ማደጉም መልካም ነው” ብላ ያላመነች ሴት ደብተሩን ብትማረውም አትጠቀምበትም። አስቀድሞ የሚቀናው ልብ ነው። እምነታችንም በዚህ ላይ የሚለው አለው። በመክሊቱ ምሳሌ (ማቴ. 25፥14-30) የተወቀሰው ያተረፈው አይደለም፤ ፈርቶ የቀበረው ነው። ፍርሃቱን እንደ ጥንቃቄ ቆጥሮት ነበር። ብዙ እህቶቻችንም በፍርሃት የቀበሩትን መክሊት ትሕትና ብለው ይጠሩታል።

ዕቁብ፣ ባንክና ስልክ

እናቶቻችን ገንዘብን በዲሲፕሊን መያዝን የተማሩት ከዕቁብ ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዋስትናው መተማመን ነው፤ ሰውን በግድ ያስቆጥባል። ሆኖም ዋጋ በሚንርበት ጊዜ አንድ ድካም አለው። 12 ሴቶች በወር 5,000 ብር ቢጥሉ ለእያንዳንዷ 60,000 ብር ይደርሳታል። በዓመቱ ውስጥ ዋጋ በ30 በመቶ ቢጨምር ግን፣ የመጨረሻውን ዕጣ የምትወስደው እህት 60,000 ብር የሚገዛላት በመጀመሪያው ወር 46,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ስለዚህ ለንግድ የሚሆን ዕቁብ አጭር ቢሆን ይሻላል፤ የዕጣውም ቅደም ተከተል ዕቃ መግዣ ወቅትን ቢያገናዝብ ይጠቅማል።

ከዕቁብ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያስፈልጋት እህት ለረጅም ጊዜ መሐል ላይ ተንጠልጥላ ቆይታለች። ለቡድን የሚሰጠው አነስተኛ ብድር አይበቃትም፤ ባንክ ደግሞ ቤት ወይም መኪና አስይዢ ይላታል፤ የቤቱ ካርታ ግን ብዙ ጊዜ በባል ወይም በወንድም ስም ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት የታሰበው ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ነበር። በሴቶች አነሣሽነት የተቋቋመው እናት ባንክም በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር፣ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የመጡት የስልክ ብድርና ቁጠባ አገልግሎቶች ሌላ በር ከፍተዋል።

በሩ መከፈቱ ግን ወደ ዕዳ ለመግባት ምክንያት አይሁን። ለንግድ የተወሰደ ብድር ለዓመት በዓል ልብስ ከዋለ ከፋዩ ማን ነው? በስልክ በደቂቃ የሚገኝ ብድር በደቂቃ አይከፈልም። ይልቅስ የስልኩ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ የገባውንና የወጣውን ሁሉ ይመዘግባል። የቤቱንና የሱቁን ገንዘብ በሁለት ሒሳብ የለየች እህት፣ በወር መጨረሻ ያለ ጭቅጭቅ ትርፏን ታያለች። ለአበዳሪም የምታሳየው መረጃ ይኖራታል።

አስራቱስ ከየቱ?

ብዙ እህቶች በልባቸው ይዘው የማይጠይቁት ጥያቄ አለ። አስራት የሚወጣው ከሽያጩ ነው ወይስ ከትርፉ? አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ላይ አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጡም። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። በምሳሌያችን ያለችው እህት ሽያጯ 12,000 ብር ነው። ከሽያጩ አስራት ብታወጣ 1,200 ብር ትሰጣለች። ወጪዋን ከፍላ የተረፋት ግን 1,100 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ አስራቷን የምትከፍለው ከመሥሪያ ገንዘቧ ቆርሳ ነው፤ እንዲህ እያደረገች ዓመት አትዘልቅም። በሕጉ አስራት ይወጣ የነበረው እርሻው በየዓመቱ ከሚያፈራው ነው (ዘዳ. 14፥22)። የነጋዴ ፍሬ ደግሞ የሸጠችው ዕቃ ሁሉ ሳይሆን ያተረፈችው ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስለናል።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፣ ይህን በግልጽ ብታስተምሩ እህቶች ከሸክም ያርፋሉ። በልባቸው ደስ ብሏቸው ከዚያም በላይ ሊሰጡ የሚፈልጉ ይስጡ። ነገር ግን መሥሪያ ገንዘቧን ሁሉ ልትሰጥ የመጣችን መበለት “ልጄ፣ ልጆችሽስ?” ብሎ የሚጠይቅ እረኛ ያስፈልጋታል። በሴቶች ኅብረት ፕሮግራም ላይ በወር አንድ ጊዜ ሒሳብ የምታውቅ እህት ስለ ደብተር አያያዝ ብታስተምር የጸሎቱን ሰዓት አይሻማም፤ የጸሎቱ መልስ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ ለጉባኤው ድግስ እንጀራና ዳቦ ከእህቶቻችን ስናዝ “ለጌታ ነው” ብለን በነፃ ወይም በግማሽ ዋጋ አንውሰድ። የድምፅ መሣሪያ ለምናከራየው ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍለን ለጋገረችው እህት “ተባረኪ” ብቻ ብንል ሚዛናችን ሐሰተኛ ይሆናል።

ትርፍ ድንበር አለው

ይህን ሁሉ ስንል ትርፍ ጌታ ይሁን ማለታችን አይደለም። ጤነኛ ትርፍ ድንበር አለው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር መቀላቀል፣ ሚዛን ማጉደል (ምሳ. 11፥1)፣ ሕዝብ ሲቸገር ዕቃ ደብቆ ዋጋ እስኪንር መጠበቅ፣ የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት (ያዕ. 5፥4) ትርፍ አይባሉም። በተለይ የመጨረሻው ለነጋዴ እህቶች የቀረበ ፈተና ነው። ሱቅ የምትውል እህት ቤቷን የምትጠብቅላት፣ ልጆቿን የምትይዝላት ሌላ ሴት አለች። የራስሽ ጉልበት ዋጋ እንዳለው ከተረዳሽ የእርሷም ጉልበት ዋጋ አለው። የአንዲት እህት ትርፍ በሌላዋ እንባ ላይ ሊቆም አይገባም።

በመስጠት ረገድም ጤነኛ ልብ ይታወቃል። ባለጠጎች በገንዘብ እንዳይታመኑ፣ ነገር ግን በመልካም ሥራ ባለጠጎችና ለማካፈል የተዘጋጁ እንዲሆኑ ተመክረዋል (1ጢሞ. 6፥17-18)። ትርፏን የምታውቅ እህት ስንት መስጠት እንደምትችል ታውቃለች። ስለዚህ ስትሰጥ አታጉረመርምም፤ እንቢ ስትልም አትሸማቀቅም። የማታውቀው ግን ወይ ሁሉን ትሰጥና ትቸገራለች፤ ወይ ሁልጊዜ ስለምትፈራ ምንም አትሰጥም።

እህቴ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ጀምሪ። አንድ ደብተር ግዢ። የገዛሽበትን፣ የሸጥሽበትን፣ ያወጣሽውን፣ በዱቤ የወጣውንም ጻፊ። ለራስሽ የጉልበት ዋጋ አንድ መስመር ስጪ። በወሩ መጨረሻ ከባልሽ ጋር፣ ባል ከሌለሽም ከምታምኛት አንዲት እህት ጋር ተቀምጠሽ ተመልከቺው። ቁጥሩ መልካም ካልሆነ አትደንግጪ፤ የታየ ቁስል ይታከማል። መልካም ከሆነም አትፈሪ፤ አመስግኚ።

እኛም ደንበኞች ወንድሞችና እህቶች ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ አንድ ነገር እናድርግ። ያች እህት “ያላችሁን ስጡኝ” ስትለን፣ “አይሆንም እህቴ፤ ዋጋውን ንገሪን” እንበላት። ስትነግረንም ሳንከራከር እንክፈል። በዱቤ የወሰድነውም ካለ ዛሬውኑ እንመልስላት።

ጌታ የእጆቻችሁን ሥራ ያከናውንላችሁ። ተባረኩ።